ለሆዳሙ የታጠበ ፕላስቲክ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ።

“ኢንዛይሙን እርሾ በይው” ያልኩት እኔ ነኝ። ያልኳት ደግሞ ለታላቅ እህቴ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ጸጉሬን እየጎተተች የሠራችኝ እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ የታጠበ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን ስናጥፍ፣ “ያ ፕላስቲኩ ላይ የምትጨምሩት ውሃ መሳይ ነገር ግን ምንድን ነው? ሁልጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ አፍራለሁ” አለችኝ። እኔም አራት ዓመት የተማርኩትን ትቼ በአንድ ቃል ተገላገልኳት።

“እርሾ በይው እትዬ። እርሾ ሊጡ ውስጥ ገብታ እንደምትሠራው ሁሉ፣ ይኼም ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ትንሹ ብዙውን ይለውጠዋል።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ እንዲህ አትዪም ነበር? አሁን ገባኝ!” ብላ ሳቀች። ገባት ብዬ እኔም ደስ አለኝ። አስተማሪ ብሆን ያዋጣኝ ነበር ብዬ ራሴን ሁሉ አደነቅኩ።

እውነቱን ለመናገር ኢንዛይም እርሾ አይደለም። እርሾ ነፍስ አለው፣ ይራባል፤ ትንሽ ቢቀርም ተመልሶ ይበዛል። ኢንዛይም ግን አይራባም። ፕላስቲክ ረጅም ክር ነው ብንል፣ ኢንዛይም ክሩን ከመገጣጠሚያው ላይ እየቆረጠ መጀመሪያ ወደተሠራበት ነገር የሚመልሰው መቀስ ነው። ከዚያ ቁርጥራጭ እንደገና አዲስ ጠርሙስ ይሠራል። መቀሱ ከተሰበረ ግን ተሰበረ ነው። ይህንን ሁሉ ለመናገር አንሶላ አጥፎ ከመጨረስ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም ነበር። እኔ ቸኮልኩ።

የምንሠራበት ቦታ ከውጭ ሲያዩት ተራ መጋዘን ነው። በግቢው በኩል ቆርቆሮ የተጣለበት ዳስ አለ፤ እዚያ እህቴና አሥራ አንድ ሴቶች ከየቦታው ተለቅሞ የሚመጣውን የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ይለያሉ። ክዳኑን ይነቅላሉ፣ ወረቀቱን ይልጣሉ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ያጥባሉ፣ ሦስት ጊዜ ያለቀልቃሉ፣ ከዚያ ወደ መፍጫው። መፍጫው እንደ ጥፍር ስባሪ አድርጎ ይተፋዋል። ውስጥ ደግሞ እኔና ኢንጂነሩ ነን፤ በመካከላችን ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን የብረት ታንከር ቆሟል። ሴቶቹ “ሆዳሙ” ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ከመካከላቸው አፏ የማያርፈው፣ ሬዲዮ የምትባለው ናት።

ሆዳሙ እየበላ መሆኑን የምናውቀው በጆሮ ነው። ፕላስቲኩ ሲፈርስ አሲድ ይወጣዋል፤ አሲዱ እንዳይበዛ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ሶዳ ጠብ ታደርግበታለች። ጠብ ባለች ቁጥር ቀጭ ትላለች። ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ካለች በደንብ እየበላ ነው። ዝም ካለች አልበላም። ሴቶቹ ለምሳ ሲወጡ በመስኮት ብቅ ብለው “በላ?” ይሉኛል፤ እኔም “እየዋጠ ነው” እላቸዋለሁ። የሕፃን ልጅ ነገር አስመሰልነው።

እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀን ሠራተኛ ናት። የሰው ደረጃ ጠርጋለች፣ አሸዋ ተሸክማለች፤ ከሁሉም የቆየችው ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ በማጠብ ነው። የትም ቦታ ግን ስሟ መዝገብ ላይ ሰፍሮ አያውቅም። “ነገ አትምጪ” የሚላት ሰው ሁልጊዜ አለ። እኔ እዚህ ስቀጠር ኢንጂነሩን ለምኜ አስገባኋት፤ በሦስት ወሯ የሴቶቹ አለቃ ሆነች። ከዚያም የመጋዘኑ ባለቤቶች የሚልኳቸው ሦስት እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ሆዳሙ አንድ ሙሉ ጭነት በሦስት ቀን ሲጨርስ በዓይናቸው ካዩ፣ ሥራው ይሰፋል፣ አሥራ ሁለቱም ሴቶች ቋሚ ይሆናሉ። ካላዩ መጋዘኑ ይዘጋል። ኢንጂነሩ ይህንን በዳሱ ሥር ቆሞ በአፉ ነገራቸው።

“ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ” አለች እህቴ፣ እያሳቀቻቸው። ማታ ግን ቤት ስገባ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ፊርማዋን ስትለማመድ አገኘኋት። ስታየኝ ወረቀቱን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ግቢው ተተራመሰ። ግድግዳ ተቀባ፣ ወለል በበረኪና ታጠበ፣ የተሰበረው መስኮት ተለወጠ። እኔን ግን የጠርሙሶቹ ሽታ አሳሰበኝ። በጠርሙስ ውስጥ የሚቀር የለስላሳና የወተት ትራፊ ፀሐይ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ የሚያስመርር ነው፤ እኛ ለምደነዋል። እህቴን ጠራኋትና፣ “እትዬ፣ እንግዶቹ አፍንጫቸውን እንዳይዙ አደራ። ንጹህ ይሁን” አልኳት።

“ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?” አለችኝ፣ ወገቧን ይዛ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይኼ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

ጭነቱ የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ግቢው በሙሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ወለሉ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሴቶቹ ከረጢቶቹን በትከሻቸው እያመጡ ደረደሩ። ስባሪው ፕላስቲክ እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም፤ ያብለጨልጭ ነበር። እህቴ አጠገቡ ቆማ ነጠላ ጫማዋን ወለሉ ላይ እየጠረገች ፊቴን ታያለች። “ጎሽ!” አልኳት።

ኢንዛይሙ የሚመጣው ከሩቅ አገር ነው፤ በበረዶ ሳጥን፣ ሁለት ወር ታዝዞ። ፍሪጅ ውስጥ የቀረን ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ውሃው ሞቀ፣ ፕላስቲኩ ገባ፣ አንደኛውን ጠርሙስ ጨመርን። አሲዱ ሲያንስ ከፍ የሚለው የመለኪያው ቁጥር ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር የጀመረው። ሳሙናውን በደንብ አላለቀለቁትም አልኩና በሆዴ ያዝኩት፤ ሴቶቹን ማሳጣት አልፈለግኩም።

ቀጭ አለች ፓምፗ። ቆይታ ደግሞ ቀጭ። ኢንጂነሩ እጁን እያፋተገ ወጣ ገባ ይላል። ከዚያ አንድ ጊዜ ቀጭ ብላ ዝም አለች።

ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት። ኢንጂነሩ ፓምፗን በጣቱ መታ መታ አደረጋት፤ ደህና ናት። የሶዳውን ቱቦ ነቅሎ ነፋበት፤ ክፍት ነው። ሙቀቱን በሌላ ቴርሞሜትር ለካን፤ ልክ ነው። መለኪያውን አጥበን መለስነው፤ ያው ቁጥር። በመስታወቷ ቀዳዳ በባትሪ ሳይ ስባሪው እየተንሳፈፈ ይዞራል፤ እንደገባ ነው፣ አንዷም አልሳሳችም። ማድረግ የምችለው ነገር ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝምታ ማዳመጥ ነበር።

በምሳ ሰዓት ሬዲዮ በመስኮት ብቅ አለች። “በላ?”

“ገና ነው” አልኳት።

“ኧረ ዛሬ ሰርግ ነው፣ አፉን ይክፈት በዪው!” ብላ ሄደች። ከኋላዋ እህቴ ቆማ ነበር።  ፊቴን አይታ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ተመለሰች።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ የክፉ ቀኗን ጠርሙስ ከፍሪጅ አወጣ። ብዙ ቆመን አየናት። “የመጀመሪያው በመንገድ ሞቆ ተበላሽቶ ቢሆንስ?” አለ። እኔም ይሆናል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ጨመርናት። ፓምፗ አራት ጊዜ ቀጭ አለች፤ ቆጠርኩ። አምስተኛዋን እየጠበቅን ቀትር ሆነ። አምስተኛዋ አልመጣችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያለውን መግለጽ አልችልም። ሰው ታሞብህ ሐኪም ብትሆን ኖሮ ቢያንስ እጁን ትይዝለት ነበር። እኔ የብረት ታንከር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ማነቃነቂያው ሲዞር እሰማለሁ። ከውጭ ደግሞ ሴቶቹ ለእንግዶቹ ዳሱን ሲጠርጉ፣ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ወጥቼ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ? ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅ።

እንግዶቹ ረቡዕ መጡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፤ ዋናዋ ሴትዮዋ ነበሩ። ኢንጂነሩ አልዋሸም፤ “አልሠራም፣ ምክንያቱን እየፈለግን ነው” አላቸው። ከሰዎቹ አንደኛው፣ “ምናልባት ኢንዛይሙ ለእንዲህ ያለ ቦታ አይሆንም” ብሎ ማስታወሻው ላይ ጫረ። ሴትዮዋ ግን ግቢውን ልየው አሉ። ዳሱ ሥር ከጭነቱ የተረፈ አንድ ከረጢት ነበር። እጃቸውን ከተው ስባሪውን ዘገኑና በፀሐይ አዩት።

“እንዲህ የጸዳ የትም አላየሁም” አሉ። “እንዴት ነው የምታጥቡት?”

እህቴ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። አዲስ ሻሽ አስራለች። በሕይወቷ አለቃ የሆነ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ ይኼ ከፊቷ ይነበባል።

“እመቤቴ፣ መጀመሪያ በሳሙና እናጥበዋለን” አለች። “ለዚህኛው ግን ከሳሙናው በኋላ አንድ ቀን ሙሉ በበረኪና ነው የዘፈዘፍነው። ሆስፒታል ስሠራ እንደለመድኩት። እርሾ የሚበላሸው በቆሻሻ ዕቃ ነው አይደል? ጠንቅ እንዳይኖርበት ብዬ ነው።”

 ኢንጂነሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ እሷን ሳይሆን እኔን። በረኪና ልብስ ላይ ያለ እድፍ እንደሚበላ፣ ኢንዛይምንም እንደዚያው አድርጎ ያበላሻል። ይኼን የተማርኩት በመጀመሪያው ዓመት ነው። እህቴን በዓይኔ “በቃ፣ በቃ” እላታለሁ። እሷ ግን አታየኝም፤ ሴትዮዋን ነው የምታየው።

“መጨረሻ ላይም አላለቀለቅነውም” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምታካፍል። “ንጹህ ንጹህ እንዲሸት።”

ሴትዮዋ ስባሪውን ቀስ ብለው ወደ ከረጢቱ መለሱ። ገብቷቸዋል። “አመሰግናለሁ፣ ብዙ ደክማችኋል” አሏት፣ በእውነት በደግነት። እህቴ እጅ ነሳች። ሬዲዮ ከኋላዋ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከትለው አጨበጨቡ። ዘልዬ የሁሉንም እጅ ብይዝ ደስ ባለኝ ነበር።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ቢሮው ስገባ ብድግ አለ። “ድነናል!” አለኝ። “ችግሩ የኢንዛይሙ አይደለም፣ የአጠባው ነው። ምክንያቱ ስለታወቀ ደስ ብሏቸዋል። አዲስ ኢንዛይም ይልካሉ። የማጠቢያ ማሽንም ይልካሉ፤ ውሃውን ራሱ የሚለካ፣ ሦስቴ ራሱ የሚያለቀልቅ።”

“ሴቶቹስ?”

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። “ማሽኑን የሚያሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የሠለጠኑ።”

የዚያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት። እርሾ ያልኳትን፣ ንጹህ ይሁን ያልኳትን፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዝም ያልኩትን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። መጥፎ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሰድበውና ወጥቼ እሄድ ነበር።

“አንቺን ባባርርሽ እነሱ ይመለሳሉ?” አለኝ። “ማን አጠፋ ብሎ የጠየቀ የለም። ማሽን ነው የወሰኑት። ይልቅ ቤታችሁ ውስጥ ደሞዝ የሚያመጣ አንድ ሰው ይኑር።” ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ጥፋቴን ተሸክሜ ሄጄ ነበር፤ የሚቀበለኝ አጥቼ ይዤው ተመለስኩ።

ለእህቴ ቤት ስንገባ ነገርኳት። ጫማዋን እየጠረገች ነበር፤ ጨርቁን አላስቀመጠችም።

“በረኪና ይገድለዋል?” አለች።

“ያበላሸዋል እትዬ።”

“እርሾ ነው ብለሽኝ አልነበር?”

“እርሾ አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

ያኔ ነገርኳት። ክሩን፣ መቀሱን፣ መቀሱን በረኪና እንዴት እንደሚያጎብጠው፣ አንዴ ከጎበጠ ለምን እንደማይመለስ። አንድም አላስቀረሁም፤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ እየደጋገምኩ። ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

“ያን ጊዜ እንዲህ ብትነግሪኝም አይገባኝም ነበር” አለች። ልታጽናናኝ ነው ያለችው። ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ፤ የውሃውን ቧንቧ ከፍቼ፣ እንዳትሰማኝ። ቆይታ፣ “ውሃውን ዝጊው፣ ይፈሳል” አለችኝ።

ቅዳሜ ሴቶቹ ጓንታቸውንና መታወቂያቸውን ሊመልሱ መጡ። በሩ አጠገብ ዘበኛው አንድ ካርቶን አስቀምጦላቸው ነበር፤ አንድ በአንድ እየጣሉ ያልፋሉ። እኔ ዕቃ በመለሱት ስም ፊት ምልክት እንዳደርግ ወረቀት ተሰጥቶኝ ካርቶኑ አጠገብ ቆሜያለሁ። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። እህቴን ግን ያዩዋታል።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኛንም ይዛን ወደቀች” አለች አንደኛዋ፣ ለሰማይ እንደምትናገር። “በሳሙናው ብቻ ብናቆም ምን ነበረበት? የማን ሐሳብ ነው በረኪና?”

“የእኔ ነው” አለች እህቴ።

ሬዲዮ ጓንቷን ካርቶኑ ውስጥ ወርውራ ወደ እኔ ዞረች። ቀልድ የለባትም፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። “አንቺስ? የተማርሽው አንቺ ነሽ። የሚገድለውን ታውቂ ነበር። ‘በረኪና እንዳታስነኩት’ የሚል አንድ ቃል ከአፍሽ መውጣት አቅቶት ነው አሥራ ሁለት ሰው ሜዳ ላይ የቀረው?”

ሁሉም ቆመው አዩኝ። ትክክል ነበረች። ደስ ሁሉ አለኝ፤ በመጨረሻ አንድ የጠየቀኝ ሰው ተገኘ። አፌን ከፈትኩ።

“ነግራኛለች” አለች እህቴ።

ሬዲዮ ዞረች። “ምን?”

“ነግራኛለች እኮ። ‘እትዬ፣ በረኪና እንዳይነካው’ ብላኛለች፤ አንዴ አይደለም ሁለቴ። እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት። ሃያ ዓመት ያጠብኩ እኔ ነኝ፣ እሷ ምን ታውቃለች ብዬ።” ጓንቷን አጣጥፋ፣ ጣቶቹን አስተካክላ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች። “በእሷ አትፍረዱ። ትሥራበት።”

“እትዬ” አልኩ።

“ስሜ ላይ ምልክት አድርጊና ግቢ፤ ሰዓትሽ ደርሷል” አለችኝ። በልጅነቴ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰኝ በነበረው ድምፅ ነው ያለችኝ።

ሴቶቹ ምንም ሳይሏት በአንድ ላይ ወጡ። እሷ እስኪርቁ ጠበቀችና በሌላኛው መንገድ ብቻዋን ሄደች። ዘበኛው ካርቶኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ “ሁሉም መጡ?” አለኝ። ወረቀቱን አየሁ። ከእህቴ ስም ፊት ለፊት ምልክት አደረግኩና፣ “አዎ፣ ሁሉም መጥተዋል” አልኩት።